ሁለተኛው ለቅሶዬ

ዲምቱ ገበያ ወርዳችሁ “የማርቆስ ቤት የት ነው?” ብትሉ ብዙም አይረዱዋችሁም። “የትኛው ማርቆስ?” ነው የምትባሉት። “ሁለት ጊዜ የተለቀሰለት” ካላችሁ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ወደ ቤቴ ያመለክታችኋል። ስሙን አልወደውም። ግን ምን አደርጋለሁ፣ ሰው ያወጣልህን ስም አንተ አትመርጥም። ልጆቼ ይህን ታሪክ ስጀምር “ሰምተነዋል አባባ” እያሉ እየተነሱ ይሄዱብኛል። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ላውራው።

የመጀመሪያውን ለቅሶዬን አልሰማሁትም። ያኔ ሰሜን ነበርኩ፣ በደርግ ጦር ውስጥ። አብሮኝ የዘመተ የአገሬ ልጅ ቆስሎ ወደ ቤቱ ተመለሰና ዘመዶቼ “ማርቆስስ?” ሲሉት “ወድቋል” አላቸው። አልዋሸም፣ ወድቄ አይቶኛል። የጣለኝ ግን ወባ ነበር። ቤተሰቤ ይህን ከየት ይወቅ? ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ። ከበሮ ተመታ፣ ተለቀሰ።

ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ ነው። በእኛ አገር ታላቅ ወንድም ‘ባይራ’ ይባላል፣ አባት ከሞተ ደግሞ አባት እሱ ነው። አንጁሎ ፀጉሩን ተላጨ፣ ግንባሩን ቧጠጠ፣ የእርሻ በሬውን ለተስካሬ አረደ። በሬ ማረድ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ዓመት መሬቱን የቆፈረው በእጁ ነው አሉ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ እኛም ተበተንን። ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በልመና መኪና ስመጣ ዲምቱ የደረስኩት በገበያ ቀን ነበር። ሴቶቹ ሲያዩኝ ቆጯቸውን ጥለው አማተቡ። አንዷማ “በስመ አብ!” ብላ ቅርጫቷን ወረወረችብኝ። እኔ የቸገረኝ ረሃቤ ነው፣ እነሱ የሚሸሹት መንፈሴን።

አንጁሎን ያገኘሁት በእኔ ድርሻ መሬት ላይ እንሰት ሲተክል ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ያቅፈኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተከለና፣

“እኔ ወንድሜን አልቅሼ ጨርሻለሁ” አለኝ።

“ባይራዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!”

“አውቃለሁ። አይቼሃለሁ።”

ይኸው ነው። በኋላ ሽማግሌ ገብቶ መሬቴን መለሰልኝ፣ አላንገራገረም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ አንድ ቃል ሳይወጣው ቀረ። ሰዉ “መሬቱ አንገብግቦት ነው” ይል ነበር። አልነበረም። ያንገበገበው እንባው ነው። በአገር ፊት በከንቱ የፈሰሰ እንባ። “ለሕያው ወንድሙ በሬ ያረደ” እያሉ ጠጅ ቤት ሲስቁበት እሱም ይሰማ ነበር። ቤታችን ጎን ለጎን ነው፣ አጥሩ እንኳ የኔ የሱ የለውም። ግን በየማለዳው ፊቱን አዙሮብኝ ያልፋል። ጦርነት አድክሞኝ ነበር የመጣሁት፣ ቤቴ ደግሞ ሌላ ድካም ጠበቀኝ።

እኔ አማረችን አግብቼ ጎጆ በወጣሁ ማግስት ገደማ አንድ መኪና ሙሉ ሰዎች ማዕድን ፍለጋ መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራና “የሚፈልጉት ዚንክ ይባላል። ቆርቆሮን ዝገት እንዳይበላው የሚለብሰው ነው” ብሎ አስረዳን። እኛ ከዚያ ሁሉ የሰማነው ‘ቆርቆሮ’ የምትለዋን ብቻ ነው። ሳይመሽ ሴቶቹ የማን ቤት ቀድሞ ቆርቆሮ እንደሚለብስ ይከራከሩ ጀመር። አማረች እንኳ “የኛ ጣሪያ ማፍሰሱን ለሰዎቹ ንገራቸው” አለችኝ። ከመሬት ተጠቅልሎ የሚወጣ መስሏት። እኔም ልንገራችሁ፣ በሆዴ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ሰዎቹ የፈለጉት ድንጋይ ብቅ ያለው ጉታራችን ጠርዝ ላይ ነው። ጉታራ ማለት የመንደሩ የጋራ ሜዳ ነው፤ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው እዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። “የእንባ ቦታ አይቆፈርም” አሉ። ሊቀመንበሩ ግን “የማንም ይዞታ አይደለም፣ ከማንም ጋር አያጣላም” አለና ተፈቀደ። ቆፋሪ ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፣ ምሽግ ስቆፍር የኖርኩ ሰው ነኛ። እኔ ከታች እቆፍራለሁ፣ ባሳ የሚባል ጎረቤቴ ከላይ ሆኖ አፈሩን በገመድና በባልዲ ይስባል። ኢንጂነሩ ከሶዶ እየተመላለሰ ያያል፣ ድንጋይ በከረጢት ይዞ ይሄዳል።

ቁልቁል ከሦስት ሰው ቁመት በላይ ከወረድን በኋላ ኢንጂነሩ “ድንጋዩን ተከተለው” አለኝና ወደ ጎን ዞርኩ። ድንጋዩ ከላይ እንደ በሬ ጀርባ ሜዳው ላይ ወጥቷል፣ ሥሩ ደግሞ ወደ ጉታራው ሥር ይገባል። በባሕር ዛፍ እየደገፍን ጎንበስ ብሎ የሚያስገባ ጉድጓድ አወጣንለት። እንግዲህ አስቡት፣ እኔ የምቆፍረው አገር ከሚያለቅስበት ሜዳ ሥር ነው።

የበዴሳ ገበያ ቀን ነበር። አንጁሎ ፍየል ሊሸጥ ሄዷል። ኢንጂነሩ ሶዶ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መሬቱን አላልቶት ነበር፤ ባሳ “ዛሬ ብንተወውስ?” አለኝ። “ያፈሰሰው ቤቴንም ነው፣ ቆርቆሮውን ቶሎ እናውጣው” ብዬ ቀለድኩበትና ወረድኩ።

ረፋዱ ላይ ከኋላዬ እንደ ጆንያ የሚወድቅ ነገር ሰማሁ። ዘወር ስል የመግቢያው ብርሃን የለም። ሁለተኛው ጆንያ ወደቀ፣ ሦስተኛው፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ ሲሰበር ሰማሁና አፈር እስከ ጉልበቴ ያዘኝ። ጨለማ። አፌ ውስጥ አፈር አለ። እግሬን ነቅንቄ ሳወጣው ታዘዘልኝ። በድንጋዩ ጎን ካለች ስንጥቅ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ አፍንጫዬን እዚያ ደቀንኩ። “ባሳ! ባሳ!” እያልኩ ጮኽኩ፣ ድምፄ እዚያው አጠገቤ ቀረ።

ባሳ ከላይ ጠርቶኝ ኖሯል። መልስ ሲያጣ እየሮጠ መንደር ገባና “ማርቆስን መሬት በላው!” አለ። እንግዲህ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጩኸት አንዴ ከወጣ መላሽ የለውም። ሰው ለምን፣ እንዴት፣ እርግጥ ነው ወይ አይልም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሮጣል።

ከታች መጀመሪያ የሰማሁት እግር ነው። ብዙ እግር። እግዜር ይስጣቸው፣ መጡልኝ! ልቤ ተረጋጋ። አሁን ዶማው ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። ዶማ የለም። እግሩ ከጉታራው ዳር ተነስቶ በላዬ ይሮጥና ይመለሳል፣ ይሮጥና ይመለሳል። ከዚያ ዱም አለ፣ ዱም፣ ዱም።

ከበሮ።

ይህ ቁፋሮ አይደለም። ለቅሶ ነው። የኔ ለቅሶ ነው!

ሰዉ ‘ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው’ ይላል። ያን ቀን ግን የኔ ጆሮ ባዳ አልሆነም፣ በስንጥቋ ሁሉም ገባልኝ። “የጦር ሜዳው አንበሳ!” እያለ አንዱ ይፎክራል። እኔ! ጦር ሜዳ የቆፈርኩት ጉድጓድና የላጥኩት ድንች ነው። በድንበር ሲከሰኝ የኖረው ጎረቤቴ “ከሰው የማይደርስ፣ ምስኪን!” እያለ ያለቅሳል። ሙት አይወቀስም፣ ልክ ነው፤ ግን ይኼን ትላንት ቢለው ምን ነበረበት? ከዚያ የአማረችን ድምፅ ሰማሁ። እሷ አንበሳም ምስኪንም አላለችም። “ቁርሱን አልበላም! ቁርሱን ሳይበላ ነው የሄደው!” ብቻ ነው የምትለው፣ ደጋግማ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። በራሴ ለቅሶ ላይ እኔም አለቀስኩ ማለት ነው።

የወንዶቹ ሰልፍ በላዬ ባለፈ ቁጥር ከጣሪያው አፈር ይረግፋል። መጀመሪያ ጭብጥ፣ በኋላ ቁና ሙሉ። ሲወዱኝ ነው የሚገድሉኝ። መዶሻዬን ፈልጌ አገኘሁና ድንጋዩን መታሁት፣ ሦስት ጊዜ፣ ረፍት፣ ሦስት ጊዜ። ከበሮው ዋጠው። ጮኽኩ፣ ጩኸታቸው ዋጠው። ስንጥቋ በአፈር ትጠባለች፣ በጣቴ እጠርጋታለሁ፣ ትጠባለች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ክንዴ ዛለ። መዶሻውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ‘በቃ ይጨርሱት’ አልኩ። ፍርሃት አልነበረም፣ እመኑኝ። ድካም ነው። አንዴ የተለቀሰለት ሰው ነኝ፣ ምናልባት ወባው ያኔ ገድሎኝ ይሆናል፣ ይኼ ሁሉ ትርፍ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ቀጥሎ ከላይ የሆነውን የነገሩኝ አማረችና ባሳ ናቸው። የሁለቱም አንድ ስለሆነ አምኜዋለሁ።

አንጁሎ ከበዴሳ ሲመለስ መንገድ ላይ ሰማ። መጣ። ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀለት፣ የለቅሶው ባለቤት እሱ ነዋ። እሱ ግን ወደ ሰልፉም አልገባም፣ ነጠላውንም አላዘቀዘቀም። በሰዉ መሃል አልፎ ሄዶ እዚያ ድንጋይ ላይ፣ እንደ በሬ ጀርባ ያልኳችሁ ላይ፣ ለአልቃሹ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ሰዉ ተንሾካሾከ። ከሽማግሌዎቹ አባ ኦይቻ መጥተው ራሱ ላይ ቆሙ።

“አንጁሎ፣ ወንድምህ ነው።”

“ነው፣ አባቴ።”

“ቂም ከሬሳ አያልፍም። ተነስና አልቅስ።”

“ሬሳው የታለ?”

“ከሥርህ ነዋ! ምን ትጠይቀኛለህ!”

“አንዴ አልቅሻለሁ፣ አባቴ። በሬዬን አርጃለሁ። ከዚያ በእግሩ መጣ። አሁን ፊቱን ካላየሁ አንዲት ጠብታ አልሰጥም።”

“ልብህ ድንጋይ ነው” ብለው ምራቃቸውን ተፍተው ሄዱ። ሴቶቹ “አየሽው ይህን ጨካኝ!” እየተባባሉ ጮክ ብለው አለቀሱበት። እሱ ተቀምጧል።

እኔ በዚያን ሰዓት ከታች ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም። ምናልባት የአማረች ቁርስ። መዶሻውን አነሳሁና ቂም የያዝኩበት ይመስል የድንጋዩን ሥር ወገርኩት።

አንጁሎ ብድግ አለ። ድንጋዩን አየው። ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ እጁን ወደ ላይ አድርጎ “ዝም በሉ!” አለ። ማን ይስማው? እንኳን እሱን፣ ከበሮ እየተመታ ማንም ማንንም አይሰማም። ደግሞ ለቅሶ ማቋረጥ በእኛ ነውር ነው፣ ሟቹን መስደብ ነው። “ዝም በሉ አልኳችሁ!” አለ፣ ጭራሽ ባሰባቸው። ሰልፉ ዞሮ እንደገና ወደ ጉድጓዱ በኩል መሮጥ ጀመረ።

ያኔ አንጁሎ ሮጦ ከበሮ መቺው ላይ ደረሰ። ገበያ ሲወርድ የሚይዛት ቢላ ወገቡ ላይ ነበረች። መዘዛትና የአገሩን ከበሮ፣ አያቶቻችን የተለቀሱበትን ከበሮ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀደደው።

ጸጥ አለ። አማረች “እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም” ትላለች። ወንዶቹ በያዙት በትር ወደ እሱ መምጣት ጀመሩ። እሱ አልሸሸም፤ ጣቱን ወደ መሬት ቀሰረ።

ጓ። ጓ። ጓ።

“እግዚኦ!” አሉ አባ ኦይቻ፣ ባሉበት ተቀመጡ።

ከዚያ የአንጁሎ ድምፅ እኔም ዘንድ ደረሰ። ስንት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ፣ “ሁላችሁም ከሜዳው ውረዱ! ለቅሶ የለም! ዳጎ ነው!” ዳጎ ማለት የእኛ ደቦ ነው፣ ለአንዱ እርሻ ሁሉ የሚወጣበት። ያው ሕዝብ፣ ሲያለቅስብኝ የዋለው፣ በትሩን ጥሎ ዶማ አመጣ። ባሳ በገመድ ወረደ። ወንዶቹ ቆፈሩ፣ ሴቶቹ በቅርጫት፣ በባልዲ፣ ባዘቀዘቁት ነጠላ ጭምር አፈር አወጡ። ኢንጂነሩ ከሶዶ ሲደርስ የቀረውን በእንጨት እያስደገፈ አስቀጠለ። ድንጋጤው ፊቱ ላይ ነበር፣ የሰው ልጅ ነው እሱም።

ፀሐይ ወደ ዳሞታ ተራራ ስታዘቀዝቅ አንድ እጅ በአፈሩ ገባና ግንባሬን ነካኝ። ሻካራ እጅ ነው። ወረደና አፍንጫዬን ዳሰሰ፣ ከንፈሬን ዳሰሰ። የማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። አወቅሁት።

አውጥተው ሣር ላይ አስቀመጡኝ። ሰዉ ሁሉ ሊነካኝ ሲጋፋ አንጁሎ በክንዱ ገፋቸውና ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። በነጠላው ጫፍ አፈሩን ከፊቴ ላይ ጠረገው፣ ዐይኔን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። ከዚያ እያየኝ ቆየ።

“አንተው ነህ?”

“እኔው ነኝ፣ ባይራዬ።”

“አየሁህ” አለ። ከዚያ አለቀሰ። ያን ሁሉ ሰው የነፈገውን እንባ ለኔ በሕይወት ሳለሁ ሰጠኝ። ትከሻዬን ይዞ እየነቀነቀኝ፣ “ሦስተኛ እንዳትሞክረኝ! ሦስተኛ አልችልም፣ ሰማኸኝ?” ይል ነበር።

ማታውን “እንዴት ነው የሰማኸኝ? ያ ሁሉ ሕዝብ ሳይሰማ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“መች ሰማሁ?” አለኝ። “ቂጤን ነካኝ።”

በሰው ፊት የሳቅነው ያን ቀን ነው መጀመሪያ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው። ተኳርፈን ባንቆይ ኖሮ ከሰልፉ ጋር በላዬ ይሮጥ ነበር።

ዚንኩ? ዚንኩማ አልመጣም። ኢንጂነሩ ድንጋዮቹን ይዞ ሄደ፣ “እናሳውቃችኋለን” አለ፣ ይኸው እየተጠበቀ ነው። ጉድጓዱን በዳጎ ደፈንነው። ቤቴ ቆርቆሮ የለበሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ከሶዶ ገዝቼ። ሽማግሌዎቹ ግን ለከበሮው መቀደድ አንጁሎ ላይ ፈረዱበት። ወንድሙን አዳነ ብለው አልማሩትም፣ ሕግ ሕግ ነው። እሱም አልተከራከረም። በሬ ሲያርድ ቆዳውን አምጥቶ ሰጣቸው፣ ከበሮው በዚያ ተለጎመ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ምን ተማርክበት ብትሉኝ ብዙ የለኝም። ሞቼ ያገኘሁትን ምስጋና ቆሜ አላገኘሁትም፤ ያው ጎረቤቴ በሳምንቱ በድንበር ከሰሰኝ። አንድ ነገር ግን ተለውጦብኛል። ወሬ ሰምቼ አላለቅስም። “እከሌ ሞተ” ሲሉኝ ሰዉ ሁሉ ሲሮጥ እኔ ወደ ኋላ እቀራለሁ፣ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ጨካኝ የሚሉኝ አሉ፣ ይበሉኝ። ጩኸታችን ከፍቅር ነው የሚወጣው፣ አውቃለሁ፤ ግን ከሥራችን ያለውን ሰው ሊውጠው ይችላል። የምትወዱትን ሰው ፊቱን ሳታዩ አትቅበሩ። ከዚህ በላይ ለመምከር ደክሞኛል።

አንጁሎ ያረፈው በአልጋው ላይ ነው፣ በእርጅና። ልጆቹ ጠሩኝ። ከበሮው ጉታራው ላይ ደርሷል፣ የራሱ በሬ ቆዳ ያለበት። መቺው እጁን ሲያነሳ “ቆይ” አልኩት። ያን ቀን የነበሩት ስለሚያውቁ ማንም አልተቆጣኝም፤ ሜዳው ሙሉ ሰው ዝም አለልኝ። ወደ ቤት ገባሁና “ግለጡልኝ” አልኳቸው። ፊቱን ገለጡልኝ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን በእጄ ዳሰስኩ። “ባይራዬ” አልኩት። ጠበቅሁ። ደግሜ “ባይራዬ” አልኩት፣ ደግሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ወጣሁና ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ።

“አይቼዋለሁ” አልኳቸው። “አሁን ምቱ።”